ለሳወር ጋዝ የሚገዛ ብረት በጥንካሬው ብቻ አይመረጥም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በቅርቡ በጋዜጣዎ ስለ ተፈጥሮ ጋዝ ልማት የወጣውን ሰፊ ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁት። ጸሐፊው አገራችን ከከርሰ ምድር ሀብቷ እንድትጠቀም ያላቸው ጉጉት የእኔም ጉጉት ነው፤ የሠራተኞችን ደኅንነት ማንሳታቸውም የሚያስመሰግናቸው ነው። ይሁን እንጂ ለጋዝ ሥራ የሚገዙት ቱቦዎች፣ ቫልቮችና ታንኮች ከጠንካራና ከማይዝግ ብረት የተሠሩ እስከሆኑ ድረስ ብዙ መጨነቅ እንደማያስፈልግ መጻፋቸው አሳስቦኛል። እኔ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በጋዝ ማጣሪያዎች ውስጥ የብየዳና የብረት ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ ለ14 ዓመታት ሠርቻለሁ። በዚያ ቆይታዬ ያጋጠሙኝ ከባድ ጥፋቶች የመጡት ብረቱ ደካማ ስለነበረ ሳይሆን ከሚገባው በላይ ጠንካራ ስለነበረ፣ አለዚያም «የማይዝግ» የሚለው ስም ብቻ ታምኖ ስለተገዛ ነው። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እንዲወጣልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

«ሳወር ጋዝ» የሚባለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተቀላቀለበት የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ቃሉን «ኮምጣጣ ጋዝ» ብለው የሚተረጉሙት አሉ፤ እኔ ግን በሥራ ላይ ሁላችንም የምንጠራበትን ስም እይዛለሁ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት፣ ከአየር የሚከብድ፣ ስለዚህም ጎድጓዳ ቦታ ላይ የሚተኛ መርዝ ነው፤ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሊጠርጉ ገብተው የሚቀሩትን ወገኖቻችንን ከሚገድሉት ጋዞችም አንዱ ነው። በአየር ውስጥ ያለው መጠን ከሚሊዮን ወደ 100 እጅ ሲደርስ አፍንጫ ማሽተት ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ ሠራተኛው የሚያምነው ደረቱ ላይ ያንጠለጠለውን መለኪያ ብቻ ነው። በአቡ ዳቢ ከሻህ መስክ ከሚወጣው ጋዝ 23 በመቶ ያህሉ ይህ መርዝ ነው። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በላክ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1951 የተገኘው ጋዝም 15 በመቶ ያህል ይዞ ነበር፤ የጉድጓዱ የብረት ቱቦዎች በዚያ ጋዝ ውስጥ እንደ ሸክላ እየተሰበሩ ስላስቸገሩ፣ ጋዙን የሚችል ብረት ተፈልጎና ተፈትኖ መደበኛ ምርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው።

ብዙ ሰው ብረት ሲበላሽ የሚታየው ቀይ ዝገትና እየሳሳ የሚሄድ ቆርቆሮ ነው። እንዲህ ያለው ዝገት ጊዜ ይሰጣል፤ የቱቦው ውፍረት በየዓመቱ ይለካል፣ ሲሳሳም ይቀየራል። የሳወር ጋዝ ጉዳት ግን ሌላ ነው። ጋዙ ውስጥ ጥቂት ውኃ ካለ ሃይድሮጅን ሰልፋይዱ በውኃው ሟሙቶ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም ብረቱን ሲነካ በገጹ ላይ ጥቁር የብረት ሰልፋይድ ንጣፍ ይተውና የሃይድሮጅን አተሞችን ይለቅቃል። በሌላ አሲድ ውስጥ ቢሆን ከእነዚህ አተሞች አብዛኞቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተጣምረው እንደ አረፋ ይወጡ ነበር፤ ሰልፋይዱ ግን መጣመሩን ስለሚያግድ፣ ብቻቸውን የቀሩት አተሞች እጅግ ጥቃቅን በመሆናቸው ወደ ብረቱ ውስጥ ይሰርጋሉ። ብረቱ ለስላሳ ከሆነ ችሎ ያሳልፋቸዋል። ብረቱ ደረቅ ከሆነና የጋዙ ግፊት ወይም የቡሎኑ መጥበቅ የሚወጥረው ከሆነ ግን፣ ሳይሳሳና ሳይለጠጥ በድንገት ይሰነጠቃል። ይህም ዓመታት አይፈልግም፤ በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ሊደርስ ይችላል።

«ደረቅ» ያልሁት በሙያው «ሃርድነስ» የሚባለውን ነው፤ ይህን ለመረዳት ደግሞ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ቀጥቃጭ ማጭድ ሲሠራ ብረቱን አግሎ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል፤ ብረቱ ይደርቃል፣ ስለቱም ይይዛል። መንከሩ ከልክ ካለፈ ግን ያ ማጭድ ድንጋይ የነካ ዕለት ከመጣመም ይልቅ ይሸረፋል። ብየዳም ይህንኑ ያደርጋል። በያጁ የሚያቀልጠው ቀጭን መስመር በሰፊ ቀዝቃዛ ብረት የተከበበ ስለሆነ፣ ሙቀቱ በፍጥነት ወደዚያ ሲሸሽ ከብየዳው ጎን ያለው የጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ውኃ ውስጥ እንደተነከረ ማጭድ ይደርቃል። ይህን ዓይን አይለየውም፤ የሚታወቀው ናሙናው ተቆርጦ፣ ተወልውሎ፣ በአልማዝ ጫፍ እየተወጋ ሲለካ ነው። በአሜሪካ የዝገት መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1975 መጀመሪያ የወጣውና ዛሬ «አይሶ 15156» በሚል ዓለም አቀፍ ስም የሚታወቀው ደንብ፣ ለካርቦን ብረትና ለዝቅተኛ ቅይጥ ብረት በጥቅሉ ያስቀመጠው የድርቀት ጣሪያ በሮክዌል ሲ መለኪያ 22 ሲሆን፣ ብየዳ ላይ በቪከርስ የሚለካው ደግሞ ከ250 እንዳያልፍ ይጠየቃል። እንግዲህ በሌላ ሥራ ላይ ጥንካሬ ብለን ከፍ ያለ ዋጋ የምንከፍልበት ነገር እዚህ ላይ በጣሪያ የተገደበ ነው።

መስከረም 1 ቀን 2006 ዓ.ም. እኛ እንቁጣጣሽን ስናከብር፣ በካዛኪስታን በሰሜናዊው ካስፒያን ባሕር ከሚገኘው የካሻጋን መስክ የመጀመሪያው ዘይት ፈሰሰ። ከዘይቱ ጋር የሚወጣው ጋዝ ከ15 በመቶ በላይ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አለበት። በዓለም ላይ አሉ የተባሉ ኩባንያዎች የተሰለፉበት፣ በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር የፈሰሰበት ሥራ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው፣ መስከረም 14 ቀን፣ ወደ የብስ የሚመጣው የጋዝ ቱቦ አፈሰሰ፤ ተጠግኖ እንደገና ቢሞከርም ዳግመኛ ስላፈሰሰ ምርቱ ቆመ። ምርመራው ያገኘው፣ ብረቱ ውስጥ ድርቀታቸው ከፍ ባለ ቦታዎች ላይ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያመጣውን መሰንጠቅ ነው። የዘይቱም የጋዙም መስመር፣ በድምሩ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቱቦ፣ ውስጡ ዝገት በሚቋቋም ቅይጥ በተለበጠ አዲስ ቱቦ ተተካ፤ ዘይቱ እንደገና ወደ ገበያ የወጣው በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ቱቦዎች ዝገው አልነበረም፤ ለመዛግ የሚሆን ጊዜም አላገኙም።

ብረቱ በትክክል ተመርጦም ጥገናው ሊያበላሸው እንደሚችል ያሳየው ደግሞ በቺካጎ አቅራቢያ በሮሚዮቪል እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1984 የደረሰው አደጋ ነው። በዚያ የነዳጅ ማጣሪያ ሃይድሮጅን ሰልፋይድን ከጋዝ አጥቦ የሚያወጣ ረጅም ታንክ ነበረ። ታንኩ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ በ1974 ከግድግዳው አንድ ሙሉ ቀለበት ተቆርጦ ወጥቶ በአዲስ ተተካና ተበየደ፤ ነገር ግን ከብየዳ በኋላ ብረቱን አሙቆ ድርቀቱን ማለዘብ የሚባለው ሥራ አልተደረገለትም። ከዚያ በኋላ ታንኩ አሥር ዓመት ሠራ። በአሥረኛው ዓመት ከዚያ ብየዳ ጎን ካለው ደረቅ ቦታ የተነሣው ስንጥቅ ዙሪያውን ዞሮ ታንኩን በጠሰው፤ የወጣው ጋዝ ተቀጣጥሎ ፈነዳ፤ የታንኩ የላይኛው ክፍል አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ተወርውሮ ወደቀ፤ 17 ሰዎችም ሞቱ። ይህን ታሪክ ለአዲስ በያጆች በነገርኋቸው ቁጥር የሚጠይቁኝ «በያጁ ጥፋተኛ ነው ወይ?» ብለው ነው። ብየዳው በዓይን ሲታይ ጥሩ እንደነበረ እነግራቸዋለሁ፤ የጎደለው ከብየዳው በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ሊሰጠው የሚገባው ሙቀት ነበር።

እኔ ራሴ ካየሁት አንዱን ብቻ ልጨምር። የኩባንያውንም የቦታውንም ስም መጥራት አያስፈልግም። ለዓመታዊ ጥገና ሥራ ሲቆም፣ በሳወር ጋዝ መስመር ላይ ያለ አንድ ትልቅ ቫልቭ የሙቀት መከላከያ ሽፋኑ ሲነሣ ከውስጡ ሦስት የቡሎን ስባሪዎች ዱብ ዱብ አሉ። ሁለቱ ዳዶአቸው አብሯቸው ነበር። አንዱን አንሥቼ የተሰበረበትን ገጽ በባትሪ አየሁት፤ በእጅ ከተሰበረ ኖራ አይለይም፤ ቀጥ ያለ፣ ወገቡ ያልቀጠነ፣ ብረት ሲበጠስ የሚታየው የመለጠጥ ምልክት ፈጽሞ የሌለው ነው። የቡሎኑን ጫፍ ግራሶ በጨርቅ ጠርጌ የተመታበትን ምልክት ሳነብ «ቢ7» ይላል። ሊል የሚገባው «ቢ7ኤም» ነበር። ሁለቱ ቡሎኖች በመልክም፣ በውፍረትም፣ በጥርስም አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው አንዲት ፊደል ናት። ቢ7 ድርቀቱ በሮክዌል ሲ እስከ 35 ሊደርስ ይችላል፤ ቢ7ኤም ግን ለዚሁ ጋዝ ተብሎ ከ22 እንዳያልፍ ለስልሶ የተሠራ ነው። ከፍላንጁ፣ ማለትም ቫልቩና ቱቦው በቡሎን ከሚገጣጠሙበት አፍ፣ በትንሹ የሚያፈስሰው ጋዝ አየር ላይ ቢበተን ኖሮ ቡሎኖቹ ምናልባት ይተርፉ ነበር፤ ሽፋኑ ግን ጋዙንም እርጥበቱንም እዚያው አፍኖ አቆየው።

መዝገብ ሲገላበጥ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ቢ7ኤም ከመጋዘን ሲጠፋ ሥራው እንዳይቆም ተብሎ «የበለጠ ጠንካራ ነው» በሚል ቢ7 ወጪ ተደርጎ ኖሯል። ፈራሚዎቹ ተንኮል አልነበራቸውም፤ የተሻለ የሰጡ መስሏቸው ነበር። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ በመጨረሻው ሪፖርት ላይ ምክንያቱ «ከመጠን በላይ መጥበቅ» ተብሎ መጻፉና ጥፋቱ ቡሎኑን ባጠበቀው ቴክኒሻን ላይ መውደቁ ነው። ተቃውሞዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ የቴክኒሻኑ ቅጣት ግን አልተነሣም።

አሁን ወደ «የማይዝግ ብረት» ልመለስ። ስቴንለስ አንድ ብረት አይደለም፤ ከሻይ ማንኪያ ጀምሮ እስከ ጥልቅ ጉድጓድ ቱቦ ድረስ ያሉ በደርዘን የሚቆጠሩ ቅይጦች የጋራ ስም ነው። 13 በመቶ ክሮሚየም ያለበት ብረት ለጉድጓድ ቱቦ ብዙ ይሠራበታል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በሚገባ ስለሚቋቋምም ተወዳጅ ነው። ለሃይድሮጅን ሰልፋይድ ግን ደንቡ የሚፈቅድለት የጋዙ የራሱ ድርሻ ግፊት፣ ማለትም ከጠቅላላው ግፊት ሃይድሮጅን ሰልፋይዱ ብቻውን የሚይዘው ድርሻ፣ 10 ኪሎ ፓስካል እስኪደርስ ብቻ ነው፤ የውኃውም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፣ ሲወርድ አሲድነቱ የሚጨምረው) ከ3.5 መውረድ የለበትም። ዱፕሌክስ የሚባለው፣ 22 በመቶ ክሮሚየም ያለበት ብርቱ ብረትም ቢሆን የራሱ ገደብ ተቀምጦለታል። 316 የሚባለው በየሱቁ የታወቀው ስቴንለስ ደግሞ ጠላቱ ሌላ ነው፤ ከጋዙ ጋር የሚወጣው ውኃ ጨዋማ ሲሆንና ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ሲል በጨው ምክንያት የመሰንጠቅ አደጋው ይበረታል። ከእነዚህ ሁሉ አልፎ ጋዙ እጅግ መርዛማና ሙቅ ሲሆን የሚኬደው ወደ ኒኬል ቅይጦች ነው፤ ቅይጥ 825፣ ቅይጥ 625፣ ንጹሕ ድኝ በቱቦው ውስጥ የሚጋገርበት ጉድጓድ ከሆነም ሞሊብዲነሙ 16 በመቶ የሚደርሰው 276።

ሙቀትን ካነሣሁ አይቀር፣ በዚህ ሙያ ውስጥ ጀማሪን ሁሉ የሚያሳስተውን ነገር ልጥቀስ። ደረቅ የካርቦን ብረት በሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚሰነጠቀው ይበልጡን ሲቀዘቅዝ፣ በተራ የክፍል ሙቀት አካባቢ ነው፤ ሲሞቅ አደጋው ይቀንሳል። በጨው የሚሰነጠቀው ስቴንለስ ደግሞ በተቃራኒው ሲሞቅ ነው የሚብስበት። ስለዚህ ደንቡ ከ80 ዲግሪ በላይ በሆነው የጉድጓድ ጥልቀት የሚፈቅደውን ብርቱ የካርቦን ብረት ቱቦ ወደ ላይኛው ቀዝቃዛ ክፍል አምጥቶ መግጠም ክልክል ነው። አንድ መስመር ሥራ ላይ እያለ ሙቅ ሆኖ ደኅና ቆይቶ፣ ለጥገና ቆሞ በቀዘቀዘ ሌሊት ሊሰነጠቅ ይችላል። ብረት መራጩ እንግዲህ የሥራውን ሙቀት ብቻ ሳይሆን የሚጀመርበትንና የሚቆምበትንም ሰዓት ማወቅ አለበት።

ከላይ «የጋዙ የራሱ ድርሻ ግፊት» ያልሁትን ብዙ ጊዜ በመቶኛ ይተኩታል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። አንድ ጋዝ ከሚሊዮን 30 እጅ ብቻ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አለው እንበል። በመቶኛ ሲነገር 0.003 በመቶ ነው፤ ማንም ሰው ንጹሕ ጋዝ ነው ይለዋል። ይህ ጋዝ በ100 ባር ግፊት በቱቦ ሲሄድ ግን የመርዙ ድርሻ 0.003 ባር፣ ማለትም 0.3 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። ደንቡ ለካርቦን ብረት «ከዚህ ጀምሮ ልዩ ጥንቃቄ አድርጉ» የሚልበት ወለል ይኸው 0.3 ኪሎ ፓስካል ነው። ያው ጋዝ በ10 ባር ቢሄድ ከወለሉ በታች ነው። ስለዚህ የጋዙን ይዘት ያለ ግፊቱ የያዘ የላቦራቶሪ ወረቀት ለብረት መረጣ ግማሽ ወረቀት ነው፤ በዚያ ላይ መስኩ ሲያረጅ የመርዙ መጠን ሊጨምር ስለሚችል፣ ዛሬ የተለካው ቁጥር ከ20 ዓመት በኋላም ይጸናል ብሎ መሣሪያ መግዛት አይገባም።

ይህን ሁሉ ስል ውድ ቅይጥ ካልተገዛ በቀር ጋዝ አይወጣም ማለቴ አይደለም። በዓለም ላይ አብዛኛው የሳወር ጋዝ መሣሪያ ዛሬም በካርቦን ብረት ይሠራል። ነገር ግን ያ ብረት ተራ ብረት አይደለም። ተራው ብረት ውስጥ ያለው ድኝ ከማንጋኒዝ ጋር ተዋሕዶ፣ ብረቱ ተዳምጦ ሉህ ሲሆን አብሮ እንደ ቅጠል ይጠፈጠፋል፤ የሃይድሮጅን አተሞች በእነዚያ ቅጠሎች ጠርዝ ላይ ተሰብስበው ጋዝ ይሆኑና ብረቱን ከውስጥ ይነፉታል። ምጣድ ላይ እንዳለ ቂጣ እጅ መዳፍ የሚያህል እብጠት ያወጣ የታንክ ግድግዳ በእጄ ዳስሼ አውቃለሁ። ለዚህ ሥራ የሚውለው ብረት ድኙ ወደ 0.002 በመቶ ገደማ እስኪወርድ ይጣራል፣ የቀረውም እንዳይጠፈጠፍ በካልሲየም ይታከማል። ከዚያም ናሙናው ለ96 ሰዓት በሃይድሮጅን ሰልፋይድ በተሞላ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይፈተናል፤ ተወጥሮ የሚፈተነው ደግሞ 720 ሰዓት፣ ሠላሳ ቀን ሙሉ ይቆያል። ውስጡን ብቻ 3 ሚሊሜትር ያህል በኒኬል ቅይጥ መለበጥም ሌላው መንገድ ነው፤ ግፊቱን ወፍራሙ የካርቦን ብረት ይሸከማል፣ ጋዙን የሚነካው ቀጭኑ ልብጥ ነው።

ይህን የጻፍሁት በኦጋዴን ያሉት የካሉብና የሂላላ መስኮች ጋዝ ሳወር ነው ለማለት አይደለም፤ ጽሑፉ ስለ ጋዝ መሣሪያ ግዢ በጥቅሉ ስለተናገረና የግዢ ሰነድ የሚያዘጋጁ ወጣት መሐንዲሶች ስላነበቡት ነው። ጉዳዩም በጋዝ ብቻ አይወሰንም፤ ከአሉቶ ላንጋኖ የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ማመንጫ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚወጣው እንፋሎትም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተቀላቀለበት ነው፤ እንዲህ ባለ ቦታ ከቱቦው በተጨማሪ የመዳብ የኤሌክትሪክ ማያያዣዎች ሳይቀሩ ይጠቁራሉ፣ ይበላሉ። የጨረታ ሰነድ ላይ «ጥራቱን የጠበቀ ስቴንለስ ስቲል» ብሎ ከመጻፍ በፊት የሃይድሮጅን ሰልፋይዱ ድርሻ ግፊት፣ የውኃው ጨውና ፒኤች፣ እንዲሁም ዝቅተኛውና ከፍተኛው ሙቀት ይስፈር። አቅራቢው ብረቱን በስሙ ሳይሆን በእነዚህ ቁጥሮች ፊት ይጠየቅ። ለእያንዳንዱ የብየዳ አሠራር የድርቀት መለኪያ ውጤት ይቅረብ፤ ከመጋዘን የሚወጣ ቡሎንም በጫፉ ላይ የተመታው ምልክት ሳይነበብ አይገጠም። ለዚህ የሚከፈለው ጊዜ እንጂ የውጭ ምንዛሪ አይደለም።

አዘጋጁ ከፈቀዱ፣ በቀደመው ጽሑፍ ላይ ጠንካራና የማይዝግ ብረት ከተገዛ አደጋ የለም የሚለው አሳብ በሚቀጥለው ዕትም እንዲታረም እጠይቃለሁ። ከሦስቱ የቡሎን ስባሪዎች አንዱን በፈቃድ አስቀርቼው እስከ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ይገኛል፤ ጸሐፊው በእጃቸው ይዘው ሊያዩት ቢወዱ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ቢያስታውቁኝ ይዤው እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የብየዳና የብረት ጥራት ተቆጣጣሪ
ከአዲስ አበባ